በካሳንቺስ ዶሮ እንዴት እንደ ተጠበሰ

በኢትዮጵያ ዶሮ ታረደ ሲባል ሰሚው ሁሉ ወጥ ተሠራ ማለት እንደ ሆነ ያውቃል እንጂ ሌላ ነገር ይሆናል ብሎ አይጠራጠርም። ሽንኩርቱ ብቻውን ረዥም ሰዓት ሲቁላላ ቈይቶ፥ በርበሬው ገብቶ፥ ቅቤው ተጨምሮ፥ 12ቱ ብልት በየተራው ወደ ድስቱ ወርዶ፥ ዕንቁላሉም ተልጦ ሲገባበት፥ በዓሉ ያን ጊዜ በዓል ይሆናል። የተጠበሰ ዶሮ ግን፥ ምንም እንኳ ዛሬ በአዲስ አበባ በየመንገዱ ዳር የሚሸጥ ቢሆን፥ በሰው ቤት ምድጃ ላይ ሲወጣ እስካሁን እንደ እንግዳ ነው። እንግዳም ጠባዩ እስኪታወቅ ድረስ ባለቤትን ማስቸገሩ አይቀርም።

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፥ ካሳንቺስ በሚባለው ሰፈር ነው። የሰፈሩ ስም ከጣሊያን ቋንቋ የመጣ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ይዞ በነበረበት ጊዜ ለመንግሥቱ ሠራተኞች መኖሪያ የሚሆኑ ቤቶች በዚያ አሠርቶ ነበር፤ ቤቶቹን የሚያሠራው ድርጅት «ኢንቺስ» በሚባል አጭር ስም ይጠራ ስለ ነበር ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ ሕዝቡም ስሙን ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ ካሳንቺስ አለው። ጠላት ቢሄድ ስሙ ቀረ፤ ከስሙም ጋር ፉርኖና አሮስቶን የመሰሉ የወጥ ቤት ቃላት ቀሩ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ በአቅራቢያው ተሠርቶ ሲመረቅ፥ ካሳንቺስ ከጊዜ ወደ ጊዜ የሆቴልና የምግብ ቤት፥ የእንግዳና የመንገደኛ ሰፈር እየሆነ ሄደ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ለኮሪደር ልማት ተብሎ ብዙው ቤት ፈረሰ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ በከተማው ደቡብ በኩል ወደሚገኘው ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ።

ከሚዛወሩት መካከል ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ያለፈ አንዲት ወይዘሮ ነበሩ። በዚህ ሰፈር ሙሽራ ሁነው ገብተው 51 ዓመት ኖረዋል። ባላቸው በሕይወት ሳሉ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠሩ ነበርና፥ አንዳንድ ጊዜ በዓል ሳይሆን እንኳ በቤታቸው ዶሮ አሮስቶ ይሠሩ ነበር፤ ይኸውም ዶሮውን አስቀድሞ በለዘበ እሳት ቀቅሎ፥ ከዚያ በኋላ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት እያገላበጡ ማቅላት ነው። ባልየው ካረፉ 9 ዓመት ሁኗል። አንድ ልጃቸውም በአሜሪካ፥ በቨርጂኒያ ግዛት፥ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ 16 ዓመት ተቀምጧል። ቤቱ ሊፈርስ መሆኑን በስልክ በሰማ ጊዜ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ፥ እናቱን ከነዕቃቸው ለማጓጓዝ መጣ።

ዕቃው ግማሹ ከታሰረ በኋላ ልጅየው አንድ ሐሳብ አደረበት። «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስታበላኝ ኖረች፤ ከዚህ ቤት ሳትወጣ አንድ ቀን እኔ ላብላት» አለ። ሊሠራላቸው ያሰበውም በቨርጂኒያ በየሰንበቱ ለልጆቹ የሚጠብሰውን ዶሮ ነው። በዚያ አገር የተጠበሰ ዶሮ የቈየ ታሪክ አለው። ሜሪ ራንዶልፍ የምትባል የቨርጂኒያ ሴት እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመችው የወጥ ቤት መጽሐፍ፥ ዶሮውን ቈራርጦ፥ ዱቄት ነስንሶ፥ ጨው በትኖ፥ በጋለ የዐሣማ ስብ መጥበስን ጽፋለች። መጽሐፉን እርሷ ትጻፈው እንጂ፥ በዚያ ዘመን በጌቶች ቤት በእሳት ዳር ቆመው የሚጠብሱት አብዛኛውን ጊዜ በባርነት የተያዙ የአፍሪካ ተወላጆች ነበሩ። ከነጻነት በኋላም ጎርደንስቪል በምትባል የዚያው ግዛት ከተማ፥ ጥቁሮች ሴቶች የተጠበሰ ዶሮ በራሳቸው ተሸክመው በባቡሩ መስኮት ለመንገደኛ እየሸጡ ቤታቸውን ያስተዳድሩ ነበር። እንግዲህ ይህ ምግብ ከኢትዮጵያዊ ገበታ ምንም ያህል ቢርቅ፥ ከአፍሪካ እጅ የራቀ አይደለም።

ልጅየው ቅዳሜ ጥቅምት 16 ቀን ሥራውን ዠመረ። ተገንጥሎና ተጠርጎ በማቀዝቀዣ የሚሸጠውን የፈረንጅ ዶሮ ከሱቅ ገዛ። በቨርጂኒያ ዶሮውን የሚዘፈዝፍበትን ቅቤ የወጣለት ኮምጣጣ ወተት በየሱቁ ፈልጎ ቢያጣ፥ ተራ ወተት ላይ ሎሚ ጨምቆበት ተወ። ዶሮውን እንደ ለመደው 8 ቦታ ቈረጠ። በሻንጣው ይዞት የመጣውን የሙቀት መለኪያ ዘይቱ ውስጥ ነክሮ 175 ዲግሪ እስኪያሳይ ጠበቀ። ሥራው ሁሉ በልክና በሰዓት ነበር፤ እናቲቱም በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ይመለከቱ ነበር።

ልጅየው እንደ ልማዱ ደቂቃውን ቈጥሮ ሲያወጣው ግን፥ ዶሮው በውጭ ጠቍሮ፥ ልብሱ ከርሮ፥ በአጥንቱ ዙሪያ ገና ደም ነበረበት። ሌላውን ብልት ጥቂት ቢያቈየው ውጭው ከሰለ፤ የደረቱም ሥጋ እንደ ገለባ ደረቀ። ልጅየው አፈረ። ከሁሉ የተሻለውን አንዱን መርጦ በሳሕን አድርጎ ለእናቱ ሲያቀርብ፥ እርሳቸው እጃቸውን አልዘረጉም።

«ልጄ፥ ጽጌ እኮ ነው» አሉት።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የእመቤታችን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ የሚታሰብበት ነው። ወይዘሮዋ ከልጅነታቸው ዠምረው አንድ ዓመት እንኳ አላስታጐሉትም። ልጃቸው ይህን ያውቅ ነበር፤ በ16 ዓመት ውስጥ ግን ረስቶታል። ስለ ከሰለው ዶሮ ካፈረው ይልቅ ስለዚህ አብልጦ አፈረ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቲቱ ይህን አይተው «አይዞህ፤ ጾሙ ባይኖር ኖሮ ይህን ዶሮ እንድበላ ልታስገድደኝ ነበር፤ ጽጌ አዳነኝ» ቢሉት ሁለቱም ሳቁ። የቀረውንም ልብሱን ልጠው፥ ሥጋውን ከአጥንት ለይተው፥ በሽንኩርትና በበርበሬ እንደ ገና አብስለው ለጎረቤት ልጆች ሰጡት። የኢትዮጵያ ሴት ምግብ አትጥልም።

እዚህ ላይ ልጅየውን መውቀስ አይገባም፤ ጥፋቱ የእጁ አልነበረምና። የተጻፈው ልክ ለሌላ አገር የተጻፈ ልክ ነው። አሌክሳንድሪያ በወንዝ ዳር፥ ለባሕር ወለል በተቃረበ ዝቅተኛ ስፍራ የተሠራች ከተማ ናት። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለች ናት። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስለሚሳሳ ውኃ ፈጥኖ ይፈላል፤ በባሕር ዳር በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። መጥበስ የዘይት ሥራ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህ ምን አገባው ይላል። ነገር ግን የሚጠበሰው ሥጋ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃው እስካለ ድረስም ሥጋው ከውኃው መፍያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ በአዲስ አበባ የዶሮው ውስጥ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ በውጭ ያለው እርጥበት ግን ቶሎ ተንኖ ያልቃል፤ ልብሱ ደርቆ ይጠቍራል፤ አጥንቱ ዳር ያለው ሥጋ ገና ጥሬ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ የዘይቱን ሙቀት ዝቅ ማድረግ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 2 ዲግሪ ያህል መቀነስ ይገባል ይላሉ ነገሩን የመረመሩት፤ በዚህ ስሌት በቨርጂኒያ 175 የነበረው በካሳንቺስ 160 ገደማ ይሆናል፤ ሰዓቱም በዚያው ልክ ይረዝማል።

ወይዘሮዋ ስለ አየር መሳሳት የሚያውቁት ነገር የለም። በዚያው ማታ ግን ለልጃቸው የተናገሩት ከዚህ የተለየ አልነበረም። «እሳትህ ተቈጣ፤ ዶሮ ደግሞ ቍጣ አይወድም» አሉት። ከዚያም አንድ በአንድ ነገሩት፤ ብልቱን አተለቅኸው፤ ጨው ያገባኸው ዱቄቱ ላይ ብቻ ነው፤ ወተቱም ወተት አይደለም፤ አባትህ እኮ አሮስቶውን መዠመሪያ ይቀቅለው ነበር አሉት። ልጅየው የሚፈልገው ኮምጣጣ ወተት ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሲገልጽላቸውም ወይዘሮዋ ተገረሙ። «ቅቤ የወጣለት ወተት ማለትህ ነው? ታዲያ አሬራ አትልም ነበር?» አሉት። ሱቅ ለሱቅ ሲዞር የዋለው ለአሬራ ኑሯል።

አሬራ በካሳንቺስ ሱቅ ባይገኝም በቂርቆስ ሰፈር ተገኘ። የወይዘሮዋ ታናሽ እኅት ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳትርቅ ትኖራለችና፥ ወተት እየናጠች ቅቤ የምትሸጥ አንዲት ሴት ታውቅ ነበር። ሰኞ ጧት እኅትየው ሁለት ሊትር አሬራና እግሩ የታሰረ አንድ ቀይ የሐበሻ ዶሮ ይዛ መጣች። ዶሮው ከነነፍሱ ስለ ነበረ ግን ሌላ ችግር ተነሣ።

በክርስቲያኑ ልማድ ማረድ የወንድ ሥራ ነው። ወንድ የሌለበት ቤት ሲሆን ሴቲቱ ዶሮውንና ቢላዋውን ይዛ በደጃፍ ትቆማለች፤ መንገደኛውንም «ወንድሜ፥ እባክህ ባርከህ እረድልኝ» ትለዋለች፤ እንቢ የሚል የለም። ወይዘሮዋ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ 9 ዓመት ያሳረዱት በዚህ ዓይነት ነው፤ በፋሲካ ዋዜማ እንኳ ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆመው አያውቁም ነበር። በዚያ ሰኞ ግን ቢላዋውን ይዘው ወጥተው ቢቆሙ፥ በመንገዱ ሰው አጡ። ባለ ሱቁ ሄዷል፤ ልብስ ሰፊው ሄዷል፤ ወዲያ ማዶ ያለው አጥር ፈርሶ ሰማይ ብቻ ይታያል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆመው ወደ ቤት ተመለሱና ቢላዋውን ለልጃቸው ሰጡት።

ልጅየው በዕድሜው ሙሉ ዶሮ አርዶ አያውቅም ነበር። በልጅነቱ አባቱ ያርዱ ነበር፤ በቨርጂኒያም ዶሮ የሚያውቀው በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። ጥቂት አመነታ። እናቱ ክንፉንና እግሩን እንዴት እንደሚረግጥ አሳዩት፤ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብሎ አረደ። እጁ መንቀጥቀጡን እኅትየው አይታለች፤ ነገር ግን ያየችውን አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ በጠጕሩና በቆዳው ነገር ጥቂት ክርክር ሆነ። ዶሮው በፈላ ውኃ ተነክሮ ጠጕሩ ተነጭቶ፥ በነበልባል ተለብልቦ ሲያበቃ፥ ወይዘሮዋ እንደ ወጥ ልማድ ቆዳውን ሊገፉ ዠመሩ። ልጅየው ግን «ለጥብስ ቆዳው ነው ጌጡ» ብሎ ለመናቸው፤ እውነትም ነው፥ ቆዳው ስቡን እያቀለጠ ሥጋውን ከመድረቅ ይጠብቀዋል፤ ሲጠበስም እርሱ ነው የሚንኰሻኰሸው። ወይዘሮዋ በዚህ ተረቱ። ቀጥሎ መታጠብ መጣ። እርሳቸው ዶሮን በሎሚና በጨው እየደጋገሙ ውኃው እስኪጠራ ካላጠቡ ሥጋ ነው አይሉትም። ልጅየው ደግሞ በአሜሪካ የጤና ጠባቂዎች ጥሬ ዶሮ አትጠቡ፥ ፍንጣሪው በሽታ ወደ ዕቃችሁ ይበትናል ብለው እንደሚመክሩ ተናገረ። ምክሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን በግቢ የታረደና የተለበለበ ዶሮ፥ ጥላሸቱና አመዱ ካልታጠበ አይበላም። የሁለቱም ቃል ጸና፤ ዶሮው ከምግብ ዕቃ ርቆ በግቢው ዳር በሰፊ ሳፋ ውስጥ ውኃው ሳይፈናጠር ታጠበ፤ ሳፋውና መክተፊያውም በፈላ ውኃና በሳሙና ተለቀለቁ። ብልቱ በንጹሕ ጨርቅ አንድ በአንድ ተደረቀ። ለወጥ ቢሆን ይህ ማድረቅ ባላስፈለገ ነበር፤ ለጥብስ ግን በላዩ የቀረ ውኃ ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል፥ ይፈናጠራልም፥ ዱቄቱንም ያልጠዋል።

ወይዘሮዋ ዶሮውን በ12 ቦታ ገነጣጠሉት። በዚህ ነገር የጥንቷ ወጥ ሠሪ ከቨርጂኒያው መጽሐፍ ትበልጣለች ማለት ድፍረት አይሆንም፤ ብልቱ አነስ አነስ ሲል እሳቱ አጥንቱ ድረስ ለመድረስ አይደክምም፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርቀው የደረት ሥጋም ለብቻው ተለይቶ ቶሎ ሊወጣ ይችላል። ከዚያም ጨው ተሹት ጥቂት ሰዓት ተቀመጠ። የጨው ሥራ እንዲህ ነው፤ መዠመሪያ ከሥጋው ውኃ ይስባል፤ ያ ውኃ ጨውን አሟሙቶ እንደ ገና ወደ ሥጋው ይመለሳል፤ ወደ ውስጥ የገባውም ጨው ሥጋው በእሳት ሲኰማተር ውኃውን ሁሉ እንዳይተፋ ያግዘዋል። ለአንድ ኪሎ ሥጋ 15 ግራም፥ ማለት በሻይ ማንኪያ ሁለት ተኩል ያህል ይበቃል። ዱቄቱን ብቻ ጨው የሚያደርግ ሰው የላዩን ያጣፍጣል፥ ውስጡ ግን እንደ ውኃ ነው።

የሐበሻ ዶሮ በእግሩ ሲሄድና ሲጭር የሚውል ስለ ሆነ ሥጋው ጠንካራ ነው፤ ጣዕሙም ከዚያ የተነሣ ይበልጣል። ተይዞ የሚቀለበው የፈረንጅ ዶሮ ልስልስ ነውና ሳይቀቀል ይጠበሳል። የሐበሻው እንዲሁ በዘይት ቢጣል ግን ጥርስ ይፈታተናል። ስለዚህ ወይዘሮዋ የሟቹን ባላቸውን ሥርዓት ያዙ። ብልቱን ከሽንኩርት፥ ከዝንጅብልና ከጥቂት ኮረሪማ ጋር በውኃ ጣዱት፤ ውኃው ሲንተከተክ እሳቱን በአመድ ሸፈን አድርገው አለዘቡት። ውኃው እየተንቀጠቀጠ ነው እንጂ አይገላበጥም ነበር። ወጥ ቤት ያደጉ ሁሉ ሲገላበጥ ቶሎ የሚበስል ይመስላቸዋል፤ ውኃ ግን ምንም ቢንፈቀፈቅ ከመፍያው በላይ አይሞቅም፤ ትርፉ ሥጋውን መበጣጠስ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። ካወረዱትም በኋላ ከመረቁ አላወጡትም፤ በመረቁ ውስጥ እንዳለ በረደ። ትኩሱን ቢያወጡት እንፋሎቱ ውኃውን ይዞበት ይሄድ ነበር። ማታ ከመረቁ አውጥተው በአሬራ ዘፈዘፉት፤ ገና ባልታሰረው ማቀዝቀዣም አደረ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ የቀሩት አራት ጎረቤቶች ተጠሩ። ኤሌክትሪክ ምድጃው ታስሮ ስለ ነበረ መጥበሻው የተጣደው በከሰል ላይ ነው። ልጅየው ፉርኖ ዱቄቱን ከሚጥሚጣ፥ ከቁንዶ በርበሬ፥ ከተወቀጠ ኮረሪማና ከጨው ጋር ቀላቀለ፤ ብልቱንም ከአሬራው እያንጠፈጠፈ ዱቄቱ ውስጥ ጨፍቆ ሩብ ሰዓት በወንፊት ላይ አሳረፈው፤ እንዲህ ያረፈ ዱቄት ሥጋውን ይይዛል እንጂ ዘይቱ ውስጥ አይራገፍም። መለኪያውን ሊነክር ሲል ግን እናቱ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ዘይቱ ውስጥ አቆሙ። በእንጨቱ ዙሪያ ደቃቅ አረፋ ሳያቋርጥ ወጣ። «ይህ ነው» አሉ። ልጅየው መለኪያውን ቢያስገባው 162 አሳየ። ከዚያ ወዲያ መለኪያው ወደ ሻንጣው ገባ።

ወይዘሮዋ ምግቡን ሊቀምሱት አይችሉም፤ ጾመኛ ናቸውና። ጨው ይብዛበት ይነሰው፥ ይብሰል ይቅር፥ የሚያውቁት በዓይን፥ በአፍንጫና በጆሮ ብቻ ነው። ከሦስቱም ያመኑት ጆሯቸውን ነው። ብልቱ ሲገባ ዘይቱ እንደ ሐምሌ ዝናብ ጮኸ። ሦስት ሦስት እንጂ ከዚያ በላይ አላስገቡም፤ ቢበዛ ዘይቱ ይበርዳልና ዱቄቱ ዘይት ይጠጣል። ጥቂት ቈይቶ ድምፁ እየሳሳ፥ እየቀጠነ ሄደ፤ ዝናብ ሊያባራ ሲል እንደሚሆነው የጠብታ ድምፅ ብቻ ቀረ። «አሁን አውጣው» አሉ። ጩኸቱ ውኃው ሲተን የሚሰማ ነውና፥ ድምፁ ሲያልቅ የውጩ እርጥበት አልቋል፥ ልብሱም ጠንክሯል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ከቈየ የውስጡ እርጥበት ተራውን ይከተላል። የሐበሻው ዶሮ አስቀድሞ የበሰለ ስለ ሆነ ለዚህ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ በቃው። ያልተቀቀለ የፈረንጅ ዶሮ ለሚጠብስ ግን ጆሮ ብቻ አያስተማምንም፤ በዚያው ሙቀት ከሩብ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ በወፍራሙ ሥጋ ውስጥ እስከ አጥንቱ ዳር 74 ዲግሪ መድረሱንም በመለኪያ ማየት ይገባል።

ጎረቤቶቹ በታሰሩ ካርቶኖች ላይ ተቀምጠው በሉ። ልብሱ ይንኰሻኰሽ ነበር፤ ሥጋው ሲቈረስ ጭማቂው በጣት ላይ ወረደ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት መላላጫውን ጨርሰው አጥንቱን ሲቈረጥሙ፥ «እንዲህ ያለ ነገር የምታውቂ ሁነሽ 51 ዓመት ደበቅሽን» አሏቸው። ወይዘሮዋ ሽሮ በእንጀራ ለብቻቸው አቅርበው ይበሉ ነበር። ፈረሰኛው በልማድ የአባወራው ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት ለእንግዳ ካህን ወይም ለሽማግሌ ሲሰጥ ቈይቷል። ያን ቀን ግን ወይዘሮዋ ምንም ሳይናገሩ ከወንፊቱ አንሥተው በልጃቸው ሳሕን ላይ አኖሩት። እርሱም ለሽማግሌው ሊያዞር ቢል ሽማግሌው «የተሰጠህን ብላ» ብለው ገሠጹት።

ረቡዕ ዕቃው ተጫነ። ወይዘሮዋ ቴሌቪዥኑንና አልጋውን ለጫኞቹ ትተው፥ ባላቸው ከሆቴል ሲሰናበቱ የገዙትን ከባዱን የብረት መጥበሻ በጋቢ ጠቅልለው በጕልበታቸው ላይ ይዘው ሄዱ። ሐሙስ ልጅየው ወደ ቨርጂኒያ በረረ። በአውሮፕላን ጣቢያ ሲሰናበቱም «አልቀመስሽልኝም» አላቸው፤ እርሳቸውም «ከቁስቋም በኋላ» ብለው መለሱለት።

የቁስቋም በዓል ኅዳር 6 ቀን ነው፤ በዚያ ዓመት ዓርብ ዋለና ነገሩ ለቅዳሜ ተላለፈ። ቅዳሜ ሲመሽ ወይዘሮዋ በገላን ጉራ፥ ጠረኑ ገና ቀለም ቀለም በሚለው አዲሱ ወጥ ቤት፥ እንዲያው ያደረ ዶሮ በአሬራና በዱቄት አዘጋጅተው መጥበሻውን ጣዱ። እኅትየው ስልኩን ያዘችላቸው። በቨርጂኒያ ገና ረፋድ ነበር፤ ልጅየው ከሥራ ፈቃድ ቀኑ ስለ ነበረ ወዲያው አነሣው። ወይዘሮዋ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጡት ብልቱን ዘይቱ ውስጥ አስገቡና ስልኩን ወደ መጥበሻው አስጠጉ።

«ይሰማሃል?» አሉት።

«ይሰማኛል።»

«እንግዲያው መቼ እንደማወጣው አንተ ንገረኝ።»

ልጅየው ዝም ብሎ አዳመጠ። ከኋላው የልጆቹ ድምፅ ይሰማ ነበርና ዝም አሰኛቸው። ዘይቱ ጮኸ፤ ቀስ በቀስም ሳሳ። እኅትየው «አሁን ነው» ብላ በእጇ ምልክት ሰጠች፤ ወይዘሮዋም ማንኪያውን አነሡ።

«ገና ነው፥ እማዬ» አለ ልጅየው።

ወይዘሮዋ ማንኪያውን መልሰው አኖሩት።